ከሰባተኛው አንጓ በኋላ

ስፕሩስ ፎርክ፣ ሰሜን ካሮላይና
ማክሰኞ፣ ሜይ 4 ቀን 1976

ለልጄ ለአይዳሊ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ደህና መሆንሽን ከዘፈን ሸክላሽ ሽፋን ላይ አይቼዋለሁ። ጫማሽን አውልቀሽ፣ እኔ ወለል እንኳ የማልወለውልበት ቀሚስ ለብሰሽ፣ የማን እንደሆነ በማላውቀው በረንዳ ላይ ተቀምጠሻል። ባልሽ ኤሊየት ከጎንሽ የገበሬ ቱታ አጥልቆ፣ ሣር በጥርሱ ነክሶ ወደ ሩቅ ያያል። ያ ሰው ላም በየት በኩል እንደምትታለብ ያውቃል? አባትሽ ዋይሊ አንቺ በባዶ እግርሽ ትምህርት ቤት እንዳትሄጂ ብሎ ሦስት ክረምት ግንድ ሲጎትት ወገቡ ተቀጨ። አንቺ ፎቶ ለመነሣት አወለቅሽው።

እኔ አለሁ። ከምስጋና በዓል ጀምሮ የያዘኝ ጉንፋን አልለቀቀኝም እንጂ ሌላው ደህና ነው። ላሟ ወልዳለች፣ ድንቹ ተተክሏል፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው ዛፍ ነጭ በነጭ ሆኗል። ዜናው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልጨምርልሽም፤ ምክንያቱም የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ልጨርሰው እፈልጋለሁ።

ሸክላውን ለእኔ አልላክሽልኝም። ያገኘሁት ከጎረቤቴ ከዶቪ ነው። የእህቷ ልጅ ከከተማ ልካላት ባለፈው ሐሙስ በብብቷ ሸጉጣ ኮረብታውን ስታለከልክ ወጣች። በሰባ ሁለት ዓመቷ፣ ያውም በአንድ ጆሮዋ ብቻ የምትሰማ ሴት።

«ቬስታ፣ ልጅሽ ወጣች» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ።

«ከየት ነው የወጣችው?» አልኳት። ከኤሊየት ቤት ወጣሽ መስሎኝ ነው።

«በሸክላ ነዋ! ነይ ተነሺ፣ እኔ ቤት ሄደን እናጫውተው። አንቺ መቼም ማጫወቻ የለሽም።»

ሄድን። ዶቪ በደህናው ጆሮዋ ማጫወቻው ላይ ተደፍታ፣ እኔ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሰማን። ሌሎቹን ዘፈኖች አልነቅፍም። ኤሊየት ባንጆውን ትንሽ አጣድፎታል፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው መሰለኝ፤ ግን ይሁን። ስለ ድምፅሽ ደግሞ አሁን ምንም አልልም። ከዚያ የሌቲ ዘፈን መጣ። ከመምጣቱ በፊት የሸክላውን ጀርባ ዶቪ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦ «የሌቲ ዘፈን። ጥንታዊ የተራራ ዜማ። ደራሲው አይታወቅም።»

አይታወቅም? ማንን ጠይቃችሁ ነው የማይታወቀው? የገጠመችው አያትሽ ዚልፋ ናት፤ እኔ እግሯን ያጠብኳት፣ ገንዤ ያስቀበርኳት እናቴ። በኩሽናዬ ግድግዳ ላይ ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ ስሟ ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል፤ ከስሩ ሆነሽ ስንት ዓመት ገንፎሽን በልተሻል። «ጥንታዊ» ነው ደግሞ የምትሉት። ዘፈኑ ዶቪን በአሥራ አምስት ዓመት ቢበልጣት ነው። ዶቪ ራሷ ይህን ስነግራት «እኔም ጥንታዊ ነኝ በያ» ብላ ተቀየመችኝ።

ይህስ ይለፍ። ስም መርሳት የወጣት ነገር ነው። ያላለፈልኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰባተኛውን አንጓ ዘፈንሽ፦

ሌቲ ወረደች ወደ ወንዙ ዳር፣
ፀሐይ ስትጠልቅ ከተራራው ሥር፤
ቃሉን አምና ከድንጋዩ ቆመች፣
ስሙን ጠርታ ውሃውን አየች።

ከዚያ ዝም አልሽ። ገና ስምንተኛው አለ፣ ዘጠነኛው አለ፣ አንቺ ግን ዝም። ኤሊየት ቫዮሊኑን አንሥቶ ያለቃቅስ ጀመር፤ አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ዶቪ «ተበላሸ እንዴ?» ብላ ማጫወቻውን በጥፊ ልትመታው እጇን አነሣች። ከዚያ ተመለስሽና በሦስተኛው ቀን ከወፍጮው በታች ሬሳዋ እንደተገኘ ዘፈንሽ። ከአሥራ አንድ አንጓ ሁለቱ የሉም። ሸክላው ጀርባ ላይ ደግሞ ምን ተጽፏል መሰለሽ፤ መቼም የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፦ «በዚህ ሸለቆ ዘፋኞች ከሰባተኛው አንጓ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ማለት ልማዳቸው ነው። ዝምታው ለሟቿ የሚሰጥ ክብር ነው።»

የምን ልማድ ነው? እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስድሳ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ልማድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እኛ ዘፈን ከጀመርን እስኪያልቅ ነው። ዓይን ጨፍኖ፣ እጅን ጭን ላይ አድርጎ፣ ያለ ባንጆ ያለ ቫዮሊን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። መሐል ላይ ቆሞ የሚያርፍ ሰው የረሳ ሰው ነው። ደሜ ፈላ። ኤሊየት ነው የቆረጠው አልኩ፤ ለሬዲዮ ረዘመብኝ ብሎ ሁለቱን አንጓ እንደ ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ቆርጦ ጣላቸው፣ ለዚያም ልማድ የሚባል ስም አወጣለት አልኩ። አንቺም ዝም ብለሽ አየሽው።

የቆረጣችሁት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ታሪኩን የምታውቂው ይመስለኝ ነበር፤ ከዘፈንሽው እንደማየው ግን ግማሹን ነው የያዝሽው። እንግዲህ ከሥሩ ልንገርሽ።

ሌቲ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። በ1889 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወንዝ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሰዉ ራሷ ገብታ ነው አለ። ያኔ ራሱን ያጠፋ ሰው ከመቃብሩ አጥር ውስጥ አይቀበርም፤ ስለዚህ ሌቲን ከአጥሩ ውጭ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከብት በሚረግጠው ቦታ ቀበሯት። እናቴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌቲ ራሷ እንዳልገባች ታውቃለች፤ ያየችው ነገር አለ፤ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሰማት አላገኘችም። ለሸሪፉ ብትናገር «ሂጂ አሻንጉሊትሽን ተጫወቺ» አላት። ስለዚህ ዘፈን ገጠመች።

በየዓመቱ በመቃብር እሑድ፣ ሰው ሁሉ ሳሩን ነቅሎ፣ አፈሩን ከምሮ፣ ሰም የተነከረ የወረቀት አበባውን ለሙታኑ ካስቀመጠ በኋላ፣ ምሳ ሣሩ ላይ ሲዘረጋ፣ እናቴ ብቻዋን ከአጥሩ ውጭ ትቆማለች። አሥራ አንዱንም አንጓ ትዘፍናለች። ሰዉ ዶሮውን እየበላ ይሰማል። መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥለው ሰደቧት። ከዚያ ለመዷት። አርባ አንድ ዓመት ዘፈነች፤ እኔን አርግዛ ዘፍናለች፣ የሳንባ ምች ይዟት ዘፍናለች። በ1930 ዓ.ም. የመቃብር እሑድ ዘፍና ስትጨርስ አንድ ወጣት የያዘውን ሳህን አስቀምጦ ተነሣና የአጥሩን ቋሚ በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዘው ጀመር። ነቀለው። ሌሎች ወንዶች ተነሥተው ተከተሉት። ከመምሸቱ በፊት አጥሩን ወደ ውጭ አውጥተው፣ በሌቲ ዙሪያ አዙረው እንደገና ተከሉት። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ቋሚ አቀብዬአለሁ። እናቴ ያን ቀን «እንግዲህ ዘፈኑ ሥራውን ጨርሷል» ብላ ከዚያ በኋላ በአደባባይ አልዘፈነችውም።

አየሽ አይደል፤ ለእኛ ይህ ዘፈን መዝናኛ አይደለም። አጥር ያስነቀለ ዘፈን ነው። ያስነቀሉትም እነዚያ ሁለት አንጓዎች ናቸው፤ ገፍቶ የጣላት ሰው ማን እንደሆነ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ከወጡ ሌቲ ወንዝ ዳር ወረደች፣ ውሃውን አየች፣ በሦስተኛው ቀን ሞታ ተገኘች። ሰሚው ምን ይላል? በፍቅር ተቃጥላ ራሷ ገባች ይላል እንጂ።

ደግሞም ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ከማላውቀው ከተማ አንድ ባልና ሚስት በትንሽ ቀይ መኪና መጡ። መቃብሩ ዘንድ አረም ስነቅል አገኙኝ። ሴትየዋ «ለፍቅር ብላ ወንዝ የገባችው ልጅ መቃብር የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የፕላስቲክ አበባ ይዘዋል። ካሜራ ይዘዋል። «እንደዚህ ያለች ልጅ እዚህ የለችም» አልኳቸው። እነሱ ግን ድንጋዩን አንብበው አገኙት፤ ሴትየዋ አጠገቡ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ፎቶ ተነሣች። አንቺ እንዴት እንደምትጨፍኚ ከሽፋኑ ላይ አጥንታ ነው መሰለኝ። የፕላስቲኩን አበባ ሲሄዱ አንሥቼ ለዶሮዎቹ ጎጆ የጭልፊት ማስፈራሪያ አድርጌ ሰቀልኩት።

ይህም ይለፍ ብዬ ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግን ሩፈስ ያዘኝ። የአባትሽ ወንድም ልጅ፣ ሩፈስ፤ አሁን የመቃብሩ አጥር ኃላፊ እሱ ነው። አጥሩ በስብሷል፤ በጋውን በሽቦ ሊተኩት ነው።

«አክስቴ፣ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው» አለኝ ባርኔጣውን እያዞረ። «ገደሉ እየተናደ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ቋሚ አይተከልም። ሽቦውን ቀጥ አድርገን እናሳልፈዋለን።»

«ቀጥ አድርገህ ስታሳልፈው ሌቲስ?»

«እሷማ... ትንሽ ወደ ውጭ ትቀራለች። ቢበዛ ሁለት ክንድ ናት።»

«ያቺን ሁለት ክንድ ለመግባት አርባ አንድ ዓመት ፈጅቶባታል፣ ሩፈስ።»

«አይቆጡ እንጂ። ደግሞ እኮ የአይዳሊን ሸክላ ሰማን፤ ሚስቴማ ቃል በቃል ይዛዋለች። ራሷ ናት የገባችው። የጥንት ሰዎች ያለ ነገር ውጭ አላስቀሯትም ማለት ነው።»

«ማነው ራሷ ገባች ያለህ?»

«ሸክላው ነዋ። የእርስዎ ልጅ።»

«ራሷ አልገባችም። ሰው ነው የገፋት» አልኩት።

«ማን?»

እዚህ ላይ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ጉንፋኑ ነው። «ዘፈኑ ውስጥ አለ፤ ልጄ ስትመጣ ሙሉውን ትዘፍንልሃለች» ብዬው ሄድኩ። በመቃብር እሑድ፣ ሜይ 23፣ ከምሳ በኋላ አጥሩ በየት እንደሚያልፍ እጅ አውጥተው ይወስናሉ። ከወሰኑ በማግስቱ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ያንን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ከእኔና ከዶቪ በቀር አልቀረም። ዶቪ ቃሉ ጠፍቶባታል።

«ታዲያ ምን ያንገበግብሻል፣ ራስሽ ተነሥተሽ አትዘፍኚውም?» አለችኝ ዶቪ።

«ጉንፋን ይዞኛል።»

«ከኖቬምበር ጀምሮ?»

«ከባድ ጉንፋን ነው» አልኳት። አንገቴ ላይ ያሠርኩትን ሻርፕ ትክ ብላ አየችው። ዶቪ ዝም ስትል ደስ አይልም።

ስለዚህ ትመጫለሽ። ይህ ልመና አይደለም። በሸክላ ያበላሻችሁትን በአፍሽ ታቃኚዋለሽ። ከአጥሩ ጥግ ትቆሚና ሩፈስ ዶሮውን ሲበላ አሥራ አንዱንም ትዘፍኝለታለሽ። ኤሊየት መምጣት ይችላል፤ ቫዮሊኑን መኪና ውስጥ ቆልፎበት ይምጣ። ጉድጓድ ለመቆፈር ሁለት እጅ ቢጨመርልን አንጠላም፤ ያን ቱታም በትክክል ይለብሰዋል። የቆረጣችኋቸውን ሁለት አንጓዎች ይኸው ከዚህ በታች እጽፍልሻለሁ።

 

አይዳሊ፣ ካቋረጥኩት አንድ ሰዓት አልፎኛል።

ሁለቱን አንጓዎች ልጽፍልሽ ስል ቃሉ ሳይዛነፍ እንዲመጣልኝ ብዬ ዘፈኑን ከመጀመሪያው በልቤ ጀመርኩት። ሌላ መንገድ የለኝም፤ ከመሐል መጀመር አልችልም። ሰባተኛው ላይ ደረስኩ። «ስሙን ጠርታ ውሃውን አየች»። ከዚያ ተነሣሁ። ሄጄ የምድጃውን በር ከፈትኩ፤ መቆስቆሻውን አንሥቼ እሳቱን ቆሰቆስኩ፤ ከሣጥኑ እንጨት አነሣሁ። እንጨቱን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው ያየሁት፤ ምድጃው ሙሉ ነው። ገና መጻፍ ስጀምር ሞልቼው ነበር። ምንም እንጨት አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን ተነሣሁ?

እንጨቱን እንደታቀፍኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሽ የነበረችው ትንሽ በርጩማ ትዝ አለችኝ። አንቺ በእሷ ላይ፣ እኔ በወንበሩ ላይ፣ ጉልበትሽ ከጉልበቴ ተነካክቶ፣ አንድ አንጓ እኔ አንድ አንጓ አንቺ። እናቴ እኔን ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። የኩሽናው በር ክፍት ነው። ከበሩ ወዲያ አያትሽ ኦርፋ፣ የአባትሽ እናት፣ ባቄላ እየፈለፈለች ተቀምጣለች፤ ጣቷ ሲቆም ይሰማኛል፤ ጣቷ የሚቆመው ሰባተኛው አንጓ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ እነሣለሁ። የምድጃውን በር ጓ አድርጌ እከፍታለሁ፣ እቆሰቁሳለሁ፣ እንጨት እጨምራለሁ፣ ማሰሮውን አማስላለሁ። ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን በልቤ እዘፍናቸዋለሁ፤ ልኩ እንዳይጠፋኝ። ሲያልቁ ተመልሼ እቀመጥና አሥረኛውን እቀጥላለሁ። የኦርፋም ጣት ሥራውን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ጠይቀሽኛል። «እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምንድን ነው ዝም የምትይው?» አልሽኝ። እኔም «እዚህ እንዲህ ነው የሚዘፈነው» አልኩሽ።

ኤሊየት ምንም አልቆረጠም። አንቺም ምንም አልረሳሽም። ዝምታዬን ሳይቀር በልኩ ተምረሽ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይዘሽ ዞረሽ፣ ሳታጎድዪ ሸክላ ላይ አወጣሽው። ልማድ ብለሽ ያስጻፍሽው እኔ የነገርኩሽን ነው። እንዲህ አድርጌ ስቆጣሽ የከረምኩት በራሴ ሥራ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ግን እናትሽ ምን ያህል ደፋር እንደሆነች እንድታዪው ተውኩት።

የገፋት ሰው ሃርመን ግራግ ነው። የአባትሽ አባት። የኦርፋ ባል። ሸክላው ላይ ከስምሽ ቀጥሎ የተጻፈው «ግራግ» የእሱ ስም ነው።

እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ስሙን ስትጠራ እሱ ከአጥሩ ውስጥ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ራሱ በሰጠው መሬት ላይ ተቀምጦ ዶሮውን ይበላ ነበር። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ይበላ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ ሲሄድ አላየሁም። በ1928 ዓ.ም. በአልጋው ላይ ሞተ። ሳህኑን አስቀምጦ የመጀመሪያውን ቋሚ የነቀለው ወጣት ደግሞ አባትሽ ነው። የሃርመን ልጅ፣ ዋይሊ። ያን ቀን እጆቹን አይቼ ነው ያገባሁት፤ ደምተው ነበር። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አባትሽን በሕይወት ሳለ ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር፤ ግን የማይነገር ነገር እንዳለ እኔ አስተማርኩሽ፣ አንቺም አልጠየቅሽም።

እሱ አንድ ጊዜ ኩሽና ገብቶ ምድጃውን ስቆሰቁስ ደረሰብኝ። አንቺ ወጥተሽ ነበር። «ቬስታ፣ ሙሉውን አስተምሪያት» አለኝ። «አባቴ መሆኑን አውቃለሁ። ቋሚውን ስነቅልም አውቄ ነው።»

«ለእናትህ ብዬ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ነን» አልኩት።

«እናቴ ከአንቺ ቀድማ ሰምታዋለች። አርባ ዓመት አብራው ነው የበላችው» አለኝ። ሌላም ጊዜ አላነሣብኝም፤ ሰው የሚጫን ሰው አልነበረም። ኦርፋ በ1963 ዓ.ም. ሞተች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀትና ብዕር ነበረኝ፤ አንቺም አድራሻ ነበረሽ። በመጀመሪያው ዓመት ሐዘን ነው አልኩ። ከዚያ ሥራ ነው አልኩ። ከዚያ ረሳሁት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈራሁ። ልጄ የነፍሰ ገዳይ የልጅ ልጅ መሆኗን ከእኔ አፍ እንድትሰማ አልፈለግሁም። አሁንም ቢሆን ሩፈስ «ማን?» ሲለኝ አያቱ መሆኑን ልነግረው አልቻልኩም። ሌቲን መጀመሪያ ከአጥር ያስወጣት ሃርመን ነው፤ ሁለተኛ የማስወጣት ግን እኔ ነኝ።

ይኸው፦

ሃርመን ግራግ መጣ በግራጫ ፈረስ፣
እጁን ዘረጋላት እንባዋን ሊያብስ፤
በዚያው እጁ ይዞ ከድንጋዩ ላይ፣
ገፋት ወደ ውሃው ማንም ሳያይ።

«ራሷ ገባች» አለ ቆሞ ከሕዝብ ፊት፣
ጭቃው ሳይደርቅለት ከእግሩ እስከ ጉልበት፤
የፀጉሯ ጥብጣብ፣ ሰማያዊው ክር፣
ተንጠልጥሎ ነበር ከኮርቻው ሥር።

ጥብጣቡን ያየችው አያትሽ ዚልፋ ናት። በረት ውስጥ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ።

አሁን ደግሞ ልመና ነው። ነይ። በራስሽ ስም ላይ እንድትዘፍኚ ነው የምጠይቅሽ፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለእኔ ስለከበደኝ ነው ስንት ዓመት ምድጃ ስቆሰቁስ የኖርኩት። ካልሆነልሽ አልቀየምሽም። ከሆነልሽ ግን ቅዳሜ ሜይ 22 ድረሺ፤ በርጩማዋ አለች፤ ሁለቱን አንጓዎች ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን እንያዛቸው። ዜማው ያው ነው፤ እኔ በሹክሹክታ ቃሉን እሰጥሻለሁ፣ ድምፁን አንቺ ታወጪዋለሽ። አንገቴ ላይ ስለማሥረው ሻርፕ ግን አትጠይቂኝ። ለሌቲ የምናስቀምጠውን አበባ ጀምሬዋለሁ፤ ወረቀቱ ሰማያዊ ነው፤ ሰሙን አብረን እንነክረዋለን። ኤሊየትንም ይዘሽው ነይ። ቫዮሊኑ መኪና ውስጥ ይቅር ያልኩት እንደጸና ነው፤ ሌላውን ስድቤን ግን አንስቼለታለሁ።

ስለ ድምፅሽ በኋላ ያልኩትን አልረሳሁም። ዶቪ ቤት መርፌው ሸክላው ላይ አርፎ ገና አፍሽን ስትከፍቺ፣ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ የገባች መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። የዚልፋ ድምፅ ነው ያለሽ። እኔ እንኳ አልነበረኝም። ይህን በመጀመሪያው መስመር ልጽፍልሽ ሲገባኝ ስለ ጫማ ጻፍኩ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ይጠብቅ፤ ጉሮሮሽን ከጉንፋን ሁሉ ይሰውርልኝ፤ ከነባልሽ በደህና ያግባሽ። ሩፈስ ፊት ስትቆሚ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እጅሽን ዝቅ አድርጊ። ሰባተኛው ሲያልቅ ማንም ቢቆም፣ የማንም ጣት ቢያርፍ፣ አንቺ አትቁሚ። ቀጥዪ። ምድጃው ይጥፋ።

እናትሽ፣
የዚልፋ ልጅ፣ የዋይሊ ግራግ ሚስት፣
ቬስታ